ቅቤ ያልቀመሰው ማንኪያ

ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ እያማሰልኩ ስልክ ተደወለና ማንኪያውን ከእሳቱ አፍ ላይ ትቼ ወጣሁ። የደወለችው ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ወሬዋ አያልቅም። ስመለስ ሽሮው ደህና ነው፤ ቤቱን ግን አንድ ሽታ ሞልቶታል። እዚህ ድሬዳዋ አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር የከተማዋን ሽታ ሁሉ ለምጃለሁ። ይህ ግን የእሷ አልነበረም። የጋለ ብረት ሽታ ነው፤ ደረቅ፣ መረር የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ማንኪያውን በጨርቅ ይዤ ወደ መስኮቱ ሳቀርበው አንገቱ ወርቅ መስሏል። ከወርቁ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከቡናማው ቀጥሎ ሐምራዊ፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት።

ጎረቤቴ በበሩ ብቅ ብላ አየችውና «ውይ፣ ተቃጠለብሽ! ጣይው በቃ» አለችኝ።

«አልተቃጠለም፤ ደረሰ እንጂ» አልኳት። ምን ነካት በሚል ዓይን አይታኝ ሄደች።

እኔ ግን የምለውን አውቃለሁ። ማንኪያ መቼ እንደሚደርስ በአሥር ዓመቴ፣ በአንድ ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተምሬያለሁ። ትምህርቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ የአንዲት ሴት ስም በእኔ አፍ ሊጠፋ ነበር።

እቴቴ ሙሉነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ደብረ ማርቆስ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታ፣ ጡረታ የወጣችው እኔ አምስተኛ ክፍል ልገባ ባለሁበት ዓመት ነው። በዚያው ሰሞን ሆቴሉ ማንኪያና ሹካውን ሁሉ በአዲስ ለወጠና አሮጌውን በጆንያ ሞልተው «ውሰጂው፣ አብሮሽ ያረጀ ነው» ብለው ሰጧት። ሌላ ሰው ቢሆን ለቆራሌው ይሰጠው ነበር። እቴቴ ግን ጆንያውን አልጋዋ ሥር አስገብታ፣ ሰንብታ አንድ በአንድ ታወጣው ጀመር።

እኛ የምንኖረው ከሮብ ገበያ ወዲያ ነው። በእኛ ቀበሌ ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልነበረ አባቴ ወንዙ ሳይሞላ ላድርሳት ብሎ በሐምሌ መግቢያ ከአንድ ከረጢት ድንች ጋር ለእቴቴ አስረከበኝ። ዝናብ ላያችን ላይ ሲወርድብን ነበር የደረስነው። አባቴ ጋቢውን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ሲፈልግ እቴቴ «እዚያ ስቀለው» ብላ ወደ ግድግዳው አሳየችው። ግድግዳው ላይ በአንዲት ሳንቃ የተደረደሩ አምስት ሹካዎች አሉ፤ መሃለኛ ጣቶቻቸው ወደ ላይ ታጥፈው ጋቢ ለመቀበል እጃቸውን የዘረጉ ይመስላሉ።

አባቴ ጋቢውን እንደ ያዘ ቆመ። «ምንድነው ይኼ ደግሞ?»

«ሹካ ነዋ። አይነክስህም።»

ሹካ አይቼ አላውቅም ነበር። ለእኔ የአውድማ መንሽ የወለደችው ግልገል መስሎኝ፣ ሲያድግ ምን ሊያህል ነው ብዬ ተጨነቅሁ። አባቴ በመጨረሻ ጋቢውን ሰቀለ። ሲሄድ ግን እኔን ወደ ጥግ ወስዶ «እንግዲህ አክስትሽን ታዘዢ። በብረቷ ነገር ግን አትግቢ፤ እጅሽን እንዳትቆርጪ» አለኝ።

ቃሉን ያከበርኩት ለሁለት ቀን ነው።

የእቴቴ ቤት አንድ ክፍልና ጓዳ ነበር። መጋረጃው ወደ ጎን የሚታሰረው በታጠፈ የሾርባ ማንኪያ ነው። የፊት መስታወቷ ዙሪያውን ስምንት የሻይ ማንኪያዎች ከብበውት አደይ አበባ መስሏል። ጧፍ የምታቆመው ጥርሶቿ እንደ አበባ በተፈለቀቁ ሹካ ላይ ነው። የእንጨት ሣጥኗ እጀታ፣ የበሩ መሳቢያ፣ የቁልፍ መስቀያው፣ ሁሉም በልቶ የጠገበ ዕቃ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አንዳንዴ ብልጭ ስትል ቤቱ በአንድ ጊዜ መቶ ዓይን ይከፍታል።

የእኔ ሥራ ማጠብ ሆነ። ከጆንያው የወጣውን ማንኪያ በአመድና በሎሚ ፈትጌ፣ አለቅልቄ፣ በአሮጌ ነጠላ አደርቀዋለሁ። አመዱ ጥፍሬ ሥር ይገባል፤ ሎሚው የተሰነጠቀ ጣቴን ያቃጥለኛል። ማንኪያው ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ቃል ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥሬ «ኢኖክስ» ብዬ አነበብኩና የባለቤቱ ስም ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የማይዝግ ብረት ማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አቶ ኢኖክስ የሚባል ሀብታም ሰው አንድ ቀን ማንኪያዎቼ የት ገቡ ብሎ በራችንን እንዳያንኳኳ ስፈራ ነው የሰነበትኩት።

እቴቴ ለሥራ ስትቀመጥ እንደ ወጥ ቤቷ ነው፤ ሽርጧን ታስራለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ትጠመጥማለች። ሞርሳ የላትም፤ ማንኪያውን በጉልበቶቿ መሃል በጨርቅ ጠምጥማ ይዛ እጀታውን በመጋዝ ትቆርጣለች። የተቆረጠውን በሞረድ ታለሰልሳለች። ለቀዳዳው ብቻ ከጎረቤት አናጺ በእጅ የሚዞር ትራፓኖ ትዋሳለች። ቀዳዳው እስኪወጣ አንዳችን እንይዛለን፣ አንዳችን እናዞራለን፤ ብረቱ እንደ ድመት ሲጮህ ጥርሴ ይፋቃል።

አንድ ቀን «እቴቴ፣ ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማንም። ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሲበላበት አየሁ። አሁን ደግሞ ሰው ሲያየው ልይ ብዬ ነው።»

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን እቴቴ ነጭ ለብሳ እኔንም ነጭ አልብሳ ወደ እማማ ዘነቡ ቤት ሄድን። የማርያም የጽዋ ማኅበር ነበር። እማማ ዘነቡ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ጽዋው ወደ ማን እንደሚዞር የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ አመልካች ጣታቸው ከአፋቸው ይቀድማል። እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ ነበር፤ በቡፌው ውስጥ ደግሞ ክዳኑ የተከፈተ ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ በቀይ ከፋይ ላይ የተኙ ስድስት ማንኪያዎች። ከማጠብ ብዛት ማንኪያ ሳይ ዓይኔ አይዘልም። ተጠግቼ ሳይ ጣታቸው መጣ።

«ትንፋሽሽን ከመስታወቱ አርቂ፣ ልጄ። የሠርጌ ስጦታ ነው። ምግብ ነክቶት አያውቅም።»

«ለምን አይበሉበትም?»

«ክቡር እንግዳ ሲመጣ እበላበታለሁ።»

በዚያ ቀን ጽዋው ለእቴቴ ተሰጠ። የነሐሴ ተረኛ እሷ ናት። ጎንበስ ብላ፣ የጋለ ምጣድ በባዶው የሚያነሣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተቀበለች። የነገሩ ትልቅነት የገባኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። እቴቴ ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት ሰባት ዓመት ጠይቃለች። «ሆቴል የኖረ ሰው ጾም ያውቃል እንዴ?» እያሉ ነበር ያቆዩዋት። እቴቴ ደግሞ በጾም ቀን የሥጋ ወጥ ስትሠራ ቀምሳ አታውቅም፤ ጨው መብቃቱን በማሽተት ነበር የምትለይ። ይህን ግን ማን አይቶላት?

«አሁንማ ገባሁ» አለችኝ፣ ጭቃውን በጥንቃቄ እየዘለለች። «ለእመቤቴም ቤቷን አሳምርላታለሁ።»

ያሰበችውን አሳየችኝ። ከእናቷ የቀረ የእመቤታችን የወረቀት ሥዕል ነበራት፤ መስታወቱ ተሰብሮ፣ እንጨቱ በምስጥ ተበልቶ በነጠላ ተጠቅልሎ የተቀመጠ። አዲስ ሳንቃ ላይ አድርጋ በዙሪያው አሥራ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንደ ፀሐይ ጨረር ልትተክልለት ነው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር ግን አልፈለገችም። «ወርቅ መሆን አለበት። ጫፉ ደግሞ ሰማያዊ፤ እንደ መጎናጸፊያዋ።»

«ወርቅ ከየት ይመጣል?»

«ከውስጡ» አለች።

ይህችን ቃል ያዝኳት።

ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ገባ። እንደ ፍልሰታ የምወደው ጾም አልነበረም። ልጆች ሁሉ ነጭ ለብሰን፣ ምንም ሳንቀምስ ቅዳሴ ቆይተን፣ ቆርበን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በዝናብ ተመልሰን ነው የምንበላው። እኔ ከሁሉም ጠንቃቃ ነበርኩ። የዝናብ ጠብታ አፌ እንዳይገባ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምሄደው። ሰላም ያለኝን ሰው በራሴ ንቅናቄ እመልሳለሁ። እናቴ ደግሞ ጾም ሲገባ የቅቤውን ዕቃ ሁሉ በአመድ ፈትጋ ቆጥ ላይ ስትሰቅል አይቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ የፍስክ ዕቃና የጾም ዕቃ እንደማይገናኙ ከማንም ይልቅ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እቴቴ ከሰል አቀጣጠለችና የመጀመሪያዋን ማንኪያ በፒንሳ ይዛ ከፍሙ አስጠጋቻት። እኔ አራግባለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከማንኪያዋ ሆድ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። የተነጠረ ቅቤ ቁርጥ። እያየሁት ሰፋ፣ ወዛ። ከዚያ ቀላ፤ ቀይ ወጥ ሆነ። ከዚያ ጠቆር ብሎ የጉበት መልክ ያዘ። ሰማያዊው ሲመጣ የምን ወጥ እንደምለው ጠፋኝ፤ ግን የውጭ አገር ሰዎች የሚበሉት ነገር ይሆናል አልኩ።

«እቴቴ፣ ይህ ማንኪያ ሥጋ ወጥ በልቷል?»

«ሥጋ ወጥ? ጥብሱን፣ ክትፎውን፣ ዱለቱን... ያልቀመሰው ምን አለ ብለሽ!» አለች እየሳቀች፤ ማንኪያዋን ውኃ ውስጥ ጣለቻት። ቸስ አለችና ያ ሽታ ፊቴን ሞላው።

ማራገቢያውን አስቀምጬ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። የሃያ ስምንት ዓመት ቅቤ በፍልሰታ፣ ከቁርባን በፊት፣ በአፍንጫዬ ገባ። ወርቅ ከውስጡ ይመጣል ያለችው ይህን ነው! እሱንም በእመቤታችን ሥዕል ዙሪያ ልትደረድረው!

ለእቴቴ ምንም አላልኳትም። ቅዳሴ ሳይገባ ቀድሜ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄድኩ። መምሬ አያሌው የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ከዝናቡ ተጠልለው መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ከብዷል። ተጠግቼ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። «እ?» አሉኝ። ደገምኩት። «ጮክ በዪ ልጄ፣ ዝናቡ ነው።»

ያኔ ባለ በሌለ ድምፄ «መምሬ፣ ዛሬ እቴቴ ቤት ቅቤ ሸተተኝ! ልቁረብ ወይስ ልተው?» አልኩ።

መምሬ ሳቅ አሉ። «ሽታ ጾም አይሽርም። ይልቅ ልብሽን ሰብስቢና ቁረቢ» ብለው በመስቀላቸው ግንባሬን ዳሰሱኝ። እኔ ቀለለኝ። ዘወር ስል ግን ደጀ ሰላሙ ውስጥ ዝናብ የሚያስጥሉ አራት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ያዩኛል። መሃላቸው እማማ ዘነቡ አሉ። ስለ ማንኪያው ለመምሬ የነገርኩት በሹክሹክታው ጊዜ ነበር። ሴቶቹ የሰሙት ጩኸቱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በልጅ ዓይኔ ሳየው ግራ አጋባኝ። ውኃ ስንቀዳ ሴቶች ወሬ ያቆማሉ። እቴቴ «እንደምን አደራችሁ?» ስትል ከእግዚአብሔር ይመስገን በኋላ የሚቀጥለው ነገር አይመጣም። እቴቴ ማንኪያዋን ትደረድራለች፤ አንዱ ጎደለባት። አሥራ አንድ ነው ያማረ የወጣላት፤ የቀሩት የሾርባ ማንኪያዎች ተጣመው ያረጁ ነበሩ።

በአሥረኛው ቀን እማማ ዘነቡ ጃንጥላቸውን ዘግተው ከደጃፍ ቆሙ። እኔ መጋረጃው ኋላ ሎሚ እየጨመቅሁ ነበር።

«ግቡ እንጂ እትዬ ዘነቡ፣ ምነው በዝናብ?»

«አልቀመጥም። ሙሉነሽ፣ እኔ ላንቺ ክፉ አላስብም። ግን እነሱ... ሴቶቹ... የነሐሴው ጽዋ ለሌላ ይዛወር ይላሉ።»

«ምን አድርጌ?»

«እኔ አላልኩም፤ ልጅሽ ናት ያለች። በፍልሰታ ቤትሽ ቅቤ ይሸታል ተብሏል። በዚህ ወሬ ላይ ጽዋሽን ማን ደፍሮ ይጠጣል?»

ሎሚው ከእጄ ወደቀ። እቴቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰባት ዓመት ነው የጠየቅሁ፣ እትዬ ዘነቡ» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ጃንጥላቸውን ከፍተው ሄዱ።

ከመጋረጃው ኋላ የወጣሁት አልቅሼ ነው። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ጉበቱን፣ የመምሬን ጆሮ። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከሳንቃው ላይ አንዷን የወርቅ ማንኪያ አንሥታ ሰጠችኝ።

«ጥረጊው። ቅቤ ከሆነ ይለቃል።»

በነጠላዬ ጫፍ ፈተግሁት። በአመድ ሞከርኩ። በሎሚ ሞከርኩ። ነጠላዬ ነጭ እንደሆነ ነው።

«ብረት እሳት ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚሆን» አለች። «ወርቁ የራሱ ነው፤ ከምግብ አልተዋሰውም።»

«ታዲያ ንገሪያቸው፣ እቴቴ!»

«እኔ ብነግር ሆቴል የኖረች ሴት አፏን ስታሳምር ነው የሚሉ። የተናገርሽው አንቺ ነሽ። መልሺው አንቺ።» ይህን ብላ ሽርጧን ፈትታ ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ድስት እያንኳኳች ልትደብቀው ሞክራ ነበር።

አሰብኩ። እኔን ማን ያምነኛል? የእቴቴን ማንኪያ ባሳያቸው «የበላው ነው የወጣ» ይላሉ፤ እኔም ያልኩት እሱን ነው። የሚያስፈልገኝ ምንም በልቶ የማያውቅ ማንኪያ ነው። በመላው ደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ ማንኪያ የት እንዳለ ደግሞ አውቅ ነበር።

እማማ ዘነቡ ውዳሴ ማርያም ላይ ነበሩ። እስኪጨርሱ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ፤ ጫማዬ ውኃ ይተፋል።

«እማማ፣ ከቡፌው አንድ ማንኪያ ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«እሳት ላይ ላደርገው።»

ጣታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሣ ቀረ። «ልጅቱ አብዳለች» አሉ ለግድግዳው።

ነገርኳቸው። ቢጫው የመጣው ከቅቤ ነው ብዬ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን፤ እቴቴ ቅቤ እንዳልነካች፤ የእሳቸው ማንኪያ ምግብ ቀምሶ ስለማያውቅ እሳት ላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ እቴቴ ጥፋተኛ እንደምትሆን፣ ወርቅ ከሆነ ግን ነጻ እንደምትወጣ። ቃሌ አልተወላገደም።

«ሌላ ማንኪያ ፈልጊ። ሱቅ ሞልቶታል።»

«የሱቁን ማን ነክቶት እንደሆነ በምን ይታወቃል? የእርስዎን ግን ራስዎ ይመሰክራሉ።»

ወደ ቡፌው ዘወር አሉ።

«ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ እማማ» አልኩ። «ግን እሑድ መምሬ ሥጋ ሳይበላ የሰው ስም የሚበላ ጾመኛ አይደለም ብለው ሲያስተምሩ እርስዎም ነበሩ።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ ሊመቱኝ ይሆናል አልኩ። ከአንገታቸው ቁልፍ አወጡ። ቡፌውን ከፈቱ። ከስድስቱ የዳሯን ማንኪያ በሁለት ጣት አንሥተው አዩዋት፣ መልሰው አስቀመጧት፣ እንደገና አነሡዋት። በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙ። ለእኔ አልሰጡኝም።

«ከእጄ አትወጣም። ነይ፣ ምሪኝ።»

በመንገድ ላይ እነዚያን ሦስቱን ሴቶች ከየደጃቸው ጠሩ። «ኑ፣ እዩ። በኋላ በወሬ እንዳትነግሩኝ።»

እቴቴ አምስት ሆነን ስንገባ ደነገጠች። እማማ ዘነቡ ሳይቀመጡ «ሙሉነሽ፣ ከሰል አለሽ?» አሉ። እቴቴ እኔን አየችኝ፤ ከነጠላቸው ብቅ ያለችውን ማንኪያ አየች፤ ገባት። ፍሙን ገለጠችና ፒንሳውን አቀበለቻቸው።

«ኧረ እኔ አልችልም፣ አንቺ ያዥው!»

«የለም፣ እትዬ። በእርስዎ እጅ ይሁን።»

እማማ ዘነቡ ተንበረከኩ። ማንኪያዋ በፒንሳው ስትገለበጥ አየሁ፤ ጀርባዋ ላይ ኢኖክስ ይላል። ሰውዬው እዚህም አለ እንዴ ብዬ ገረመኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። እኔ ማራገብ ጀመርኩ። ጣሪያው ላይ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ነጭ ናት። ነጭ ናት። አሁንም ነጭ ናት። ማራገቢያውን አፈጠንኩ። አንደኛዋ ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ስትል ከማንኪያዋ ሆድ ቀጭን ቢጫ ብቅ አለ።

«በሞትኩት!» አሉ እማማ ዘነቡ። «ይቺማ ምንም አልቀመሰችም! በሠርጌ ቀን እንኳ!»

ወርቁ ሰፋ። ወዛ። አንገቷ ላይ ወጣ።

«ይኸው ቅቤው» አለች አንደኛዋ ሴት ቀስ ብላ፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት።

እቴቴ ስቃ የማታውቅ የሚያስመስል ፊት ይዛ «እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎም ሰው ሳያይ ይበሉባት ነበር እንዴ?» አለች።

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። እማማ ዘነቡ ራሳቸው ሳይወዱ ሳቁ፤ እየሳቁም «ላውጣት በቃ! ማንኪያዬ ነደደች!» ይላሉ።

«ትንሽ ይታገሡ። ሰማያዊው አሁን ነው የሚመጣ።»

ሰማያዊው መጣ። ውኃ ውስጥ ስትገባ ቸስ አለችና ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። አራቱም ሴቶች አሸተቱት። ቅቤ አልነበረም።

እማማ ዘነቡ ማንኪያዋን ከውኃው አውጥተው ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወደ ሳንቃው ሄዱ። አሥራ አንድ ጨረር፣ ከእመቤታችን ራስ በላይ ደግሞ አንድ ባዶ ቦታ። ቆጠሩ። መልሰው ቆጠሩ።

«ይህች የማን ቦታ ናት?»

«ያላገኘሁለት ነው» አለች እቴቴ።

«እንግዲህ ተገኘ» ብለው ማንኪያዋን እጇ ላይ አስቀመጡ። «ጽዋውም እዚሁ ነው። ነሐሴ ሃያ አንድ። ያልመጣች ሴት ለእኔ ትመልስ።»

እኔን ደግሞ ጣታቸው ፈለገኝ። «አንቺ ጮማ ምላስ፤ ከእንግዲህ ለመምሬ ስትነግሪ እስከ መጨረሻው ጩኺ።»

ነሐሴ ሃያ አንድ ረቡዕ ዋለ። እቴቴ የጾም ምግብ ሠርታ፣ ድፎ ጋግራ፣ ጽዋውን ሞልታ ጠበቀች። ሴቶቹ ሁሉ መጡ፤ ያልተጠሩም መጡ። እርጥብ ነጠላ በሹካዎቹ ላይ ተሰቀለ፤ አንዷ ሹካ ሦስት ነጠላ ተሸከመች። መምሬ አያሌው ሥዕሉ ፊት ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ ዞር ብለውም «ያማረ ነው። ምን ተሠራበት?» አሉ።

«ማንኪያ ነው፣ መምሬ!» አልኩ።

«እ?»

«ማንኪያ!» አልኩ እስከ መጨረሻው ጮኼ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሰው ሲበተን እማማ ዘነቡ ኋላ ቀሩ። ሥዕሉ ሥር ቆመው ከላይ ያለችውን ማንኪያ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። የሚያይ ሰው የለም ብለው ይሆናል፤ እኔ ግን ከመጋረጃው ጋር ነበርኩ። ጃንጥላቸውን ሲያነሡ አዩኝ።

«ነገ በምሳ ሰዓት ነይ» አሉኝና ወጡ።

እቴቴ ፀጉሬን ጎንጉና ላከችኝ። ምን ሊሉኝ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። እማማ ዘነቡ ቡፌው ፊት አስቀመጡኝ። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በቀዩ ከፋይ ላይ አምስት ማንኪያና የአንዲት ማንኪያ ጉድጓድ። አንዷን አንሥተው በውኃ አለቅልቀው በነጠላቸው አደረቁና ከፊቴ አስቀመጧት። ከጎኗ አንድ ዋንጫ እርጎ አደረጉ።

«እማማ፣ ይህ እኮ ለክቡር እንግዳ ነው» አልኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ በር በሩን ሳይ ኖርኩ» አሉ። «አንዲት ልጅ ጫማዋ ውኃ እየተፋ መጣች። እንግዲህ ሌላ ማንን ልጠብቅ? ብዪ።»

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጾሙም ወጥቷል፤ ሁለቱንም በልቤ አረጋገጥሁ። አማተብኩ። እርጎው ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንኪያዋ ከንፈሬ ላይ ለስላሳ። እማማ ዘነቡ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያዩኛል። ያቺ ማንኪያ ከሠርጋቸው ቀን ጀምራ ስትጾም ኖራ፣ ጾሟን የፈታችው በእኔ አፍ ነው።